ቢራቢሮዋ ትናንት ማን ነበረች?

“ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም” ይላል ያገራችን ሰው። ልጁ ጭቃ ሲያቦካ፣ ጢንዚዛ በክር አስሮ ሲያበርር፣ ከጉንዳን መንገድ ዳር ተደፍቶ ሲውል ያየ ወላጅ፣ “ተው አሁን! ገብተህ አጥና” ማለቱ አይቀርም። በእኛ ዘንድ ጥናት ማለት ደብተር ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ከጥናት የተሰረቀ ጊዜ ነው። የታሪክን መዝገብ ገለጥ ገለጥ ላደረገ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለ እንስሳት አወላለድ፣ አስተዳደግና አሟሟት ዛሬ ከምናውቀው አብዛኛው የተገኘው፣ ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን ተንበርክከው ትልና ዝንብ ማየት ከጀመሩ በኋላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይም ይኸው ነው። የእንስሳት የሕይወት ዑደት እንዴት ታወቀ? ከሊቃውንቱ እጅስ ወጥቶ እንዴት የሕፃናት ጨዋታ ሆነ? እኛስ ከዚህ ታሪክ የት ላይ ቆመናል?

የሕይወት ዑደት የሚባለው ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ከእንቁላሉ ጫጩት ይወጣል፤ ጫጩቷ አድጋ ዶሮ ትሆንና በተራዋ ትጥላለች። እንቁራሪት በውኃ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ፍጡር ግን እግር የሌለው፣ ጅራት ያለው፣ ዓሣ መሳይ ነው፤ እያደር እግር ያወጣል፣ ጅራቱ ይጠፋል፣ ከውኃ ይወጣል። ቢራቢሮ ደግሞ በቅጠል ላይ ትጥላለች፤ የሚወጣው ትል ነው፤ ትሉ በልቶ ከጠገበ በኋላ ራሱን ሸፍኖ ይተኛል፤ ከሽፋኑ የሚወጣው ክንፍ ያለው ነው። ዛሬ ይህን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይነግረናል። ሆኖም የሰው ልጅ እዚህ ላይ ለመድረስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ነገሩን ከአርስቶትል እንጀምር። ይህ ግሪካዊ ፈላስፋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የዶሮ እንቁላሎችን በተለያየ ቀን እየሰበረ በውስጣቸው ያለውን ለውጥ ተከታትሏል። ከሦስት ቀን በኋላ በእንቁላሉ ውስጥ እንደ ደም ነጠብጣብ ሆኖ የሚዘልል ነገር ማየቱን ጽፏል፤ ልቡ ነበር። ይህን ያህል አስተዋይ የነበረው ሰው ግን አንዳንድ ነፍሳት ከብስባሽና ከጤዛ፣ በውኃ የሚኖረው እባብ መሳይ ዓሣም ከጭቃ እንደሚወለዱ ያምን ነበር። እንቁላላቸውን አላየማ! ያላየውን ደግሞ “የለም” አለ። ከእሱ በኋላ የመጡትም ለዘመናት “አርስቶትል ብሏል” እያሉ ሳያዩ ተቀበሉት።

በእሱ ብቻ መፍረድ አይገባም። በሜዲትራንያን ባሕር ዙሪያ የነበሩ ሕዝቦች ንብ ከሞተ በሬ ሬሳ ትወለዳለች ይሉ ነበር። በእኛም አገር ቢሆን የቋንቋችን ጓዳ ቢፈተሽ ይኸው እምነት ተቀምጦ ይገኛል። ሥጋው ሲበላሽ “ተላ” እንላለን፤ እህሉ ጎተራ ውስጥ ሲቦረቦር “ነቀዘ” እንላለን። ልብ ብላችሁ ስሙት። የሚተላው ሥጋው ነው፤ የሚነቅዘው እህሉ ነው። ዝንቧም፣ የነቀዟም እናት በግሡ ውስጥ የሉም። ትሉ ከሥጋው፣ ነቀዙም ከእህሉ ራሱ እንደ ወጣ አድርገን ነው የምንናገረው። ግሡን ያወረሱን አያቶቻችን ሞኞች ስለነበሩ አይደለም፤ የዝንብ እንቁላል ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልግ ስለነበረ ነው።

በግእዝ ሥነ ጽሑፋችንም የእንስሳትን ነገር የሚያወሳ አንድ ጥንታዊ መጽሐፍ አለ፤ “ፊሳልጎስ” ይባላል። መጀመሪያ በግሪክኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ወደ ግእዝ የተመለሰውም ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሆመል እ.ኤ.አ. በ1877 አሳትሞታል። ይህ መጽሐፍ የእያንዳንዱን እንስሳ ጠባይ ያነሣና ከጠባዩ ሃይማኖታዊ ትምህርት ያወጣል። ፊኒክስ የተባለችውን ወፍ ታሪክ እንመልከት። ወፏ በመሠዊያ ላይ ራሷን ታቃጥላለች፤ በማግስቱ ከአመዱ ውስጥ ትል ይገኛል፤ ትሉ በሁለተኛው ቀን ጫጩት፣ በሦስተኛው ቀን ሙሉ ወፍ ይሆናል። የትንሣኤ ምሳሌ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው። ይህን የተረከ ሰው፣ ትል ክንፍ እንደሚያወጣ አንድ ቦታ አይቷል። በጓሮው ያየውን ወስዶ ለማይታየው ወፍ ሰጠው። የአባጨጓሬን ተአምር ከአጥሩ ላይ ከማሳየት ይልቅ በሩቅ አገር አመድ ውስጥ መፈለግን መረጠ። መጽሐፉ ለነፍስ ትምህርት ተጻፈ እንጂ ስለ ወፍ ሊያስተምር አልተጻፈም፤ ስለዚህ በሚገባው ልክ እናክብረው። ነገር ግን እንስሳን ለምሳሌነት ብቻ የማየት ልማድ፣ እንስሳውን ራሱን ከማየት ሲያግድ ምን እንደሚመስል ያሳየናል።

ይህን ልማድ በተጨባጭ ፈተና ከሰበሩት አንዱ ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 ባሳተመው ሥራው የገለጸው ሙከራ ልጅም ሊሠራው የሚችል ነው። ሥጋ በብዙ ዕቃ አስቀመጠ። ግማሹን ከፍቶ ተወው፤ ግማሹን ከደነው፤ ኋላም አየር እንዲገባው አድርጎ በስስ ጨርቅ ሸፈነው። ዝንቦች በገቡበት ሥጋ ላይ ትል ተገኘ፤ በተሸፈነው ላይ አልተገኘም። ዝንቦቹ በጨርቁ ላይ ሲያንዣብቡ እዚያው ሲጥሉም አየ። እንግዲህ ሥጋው አልተላም፤ ዝንቧ ናት የወለደችበት።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1669፣ ሆላንዳዊው ያን ስቫመርዳም ስለ ነፍሳት የጻፈውን መጽሐፍ አወጣ። ይህ ሰው ለመለወጥ የደረሰ ትል ቆዳውን በጥንቃቄ ገፍፎ፣ ከሥሩ ተጣጥፎ የተቀመጠውን የቢራቢሮ ክንፍ ለእንግዶች ያሳይ ነበር። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ትሉ ሞቶ በምትኩ ሌላ ፍጡር ይነሣል ብለው ያስቡ ነበር። ስቫመርዳም ግን ያው አንዱ ፍጡር መሆኑን በዓይን አስመሰከረ። ቢራቢሮዋ የትሉ ልጅ አይደለችም፤ ትሉ ራሱ ናት።

ከሁሉም ይልቅ ልቤን የምትነካው ግን ሊቅ ተብላ ያልጀመረች አንዲት ልጅ ናት። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን እ.ኤ.አ. በ1647 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ተወለደች። የእንጀራ አባቷ ሠዓሊ ነበርና ሥዕል ከእሱ ተማረች። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማርባት ጀመረች። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ አትገባም፤ እርሷ ግን ትሉን ለመቀለብ ቅጠል ትለቅማለች፣ በሣጥን ታኖራለች፣ ሲተኛ ትጠብቃለች፣ ሲወጣ ትሥላለች። ሰው ቢያያት ልጅ እየተጫወተች ነው ይላል። ይህ “ጨዋታ” ከሐር ትል ወደ ሌሎች ትሎች እያለፈ ዕድሜዋን ሙሉ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ1679 ስለ አባጨጓሬዎች መለወጥ የሚናገረውን የመጀመሪያ መጽሐፏን 50 ሥዕሎች አድርጋ አሳተመች።

የሜሪያን ፈጠራ የገጹ አደራደር ነው። ከእርሷ በፊት የነበሩ ሥዕሎች በአመዛኙ ቢራቢሮውን ለብቻ፣ ትሉንም ለብቻ፣ በመርፌ የተወጋ ዕቃ አስመስለው ያሳያሉ። እርሷ ግን እንቁላሉን፣ ትሉን፣ የተኛውን ፑፓና ቢራቢሮውን፣ ትሉ ከሚበላው ተክል ጋር ባንድ ገጽ ላይ አኖረቻቸው። ያንድን ፍጡር ሙሉ ዕድሜ ባንድ እይታ! ዛሬ በመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ የምናየው፣ በቀስት የተያያዘው ክብ ሥዕል የዚህ ገጽ የልጅ ልጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እ.ኤ.አ. በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ከታናሽ ሴት ልጇ ጋር ውቅያኖስ ተሻግራ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ደቡብ አሜሪካዊት ሱሪናም ሄደች። በጫካው ውስጥ የአገሬው ተወላጆችና ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ትሉን እያመጡ፣ የተክሉን ጥቅም እየነገሩ ረዷት፤ እርሷም ከእነሱ መስማቷን አልደበቀችም። ስማቸው ግን በመጽሐፉ የለም። በ1701 ታማ ተመለሰች፤ በ1705 የሱሪናምን ነፍሳት መለወጥ የሚያሳየውን፣ 60 ትልልቅ ሥዕሎች ያሉበትን ዝነኛ መጽሐፏን አወጣች። በ1717 በአምስተርዳም አረፈች።

እነዚህ ሁሉ የጻፉት ለአዋቂ ነው። ሕፃናቱስ? እዚህ ላይ ሁለት ስሞች ይነሣሉ። የመጀመሪያው የሞራቪያ ተወላጅ የሆነው ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒየስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1658 በኑረምበርግ ያሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ለልጆች ከተዘጋጁ ቀደምት የሥዕል መማሪያዎች አንዱ ነው። መጽሐፉ ፊደልን የሚያስተምረው በእንስሳት ድምፅ ነው። ቁራ ትጮኻለች፣ በግ ይጮኻል፣ ፌንጣ ይጮኻል፤ ከየድምፁ ፊደሉ ይወጣል። ፊደልን በዜማና በቁጥር የለመድን ሰዎች ይህ ሊያስገርመን ይችላል። ልጅ መጀመሪያ በስሜት ሕዋሱ ያላወቀውን በአእምሮው ሊይዘው አይችልም የሚለው የኮሜኒየስ እምነት ነው።

ሁለተኛው ፍሬድሪክ ፍሮበል ነው። እ.ኤ.አ. በ1782 በጀርመን ቱሪንጊያ ተወለደ፤ ገና በ9 ወሩ እናቱ ሞተችበት። አባቱ ቄስ ነበር፤ ሥራ ይበዛበታል። ልጁ በብቸኝነት ከአትክልትና ከነፍሳት ጋር አደገ፤ በጉርምስናው ለደን ባለሙያ ሥራ ለማጅ ሆነ፤ ኋላም በስዊዘርላንድ ከታላቁ መምህር ከፔስታሎዚ ዘንድ ሁለት ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ የከፈተውን የሕፃናት ተቋም በ1840 “የሕፃናት የአትክልት ቦታ” ብሎ ሰየመው። ይህ ለስም ማማር ብቻ አልነበረም። በፍሮበል ተቋም እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መደብ ነበረው፤ ይዘራል፣ ያጠጣል፣ ቅጠሉን የበላውን ትልም ያያል። እ.ኤ.አ. በ1844 ለእናቶች ባሳተመው የጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ ሕፃኑ በጣቶቹ የወፍ ጎጆ የሚሠራበት ጨዋታ አለ። ሁለት እጆች ጎጆ ይሆናሉ፤ አውራ ጣቶቹ እንቁላል፣ ከዚያም ጫጩት ይሆናሉ። ገና መናገር ያልጀመረ ልጅ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ እንቁላል ምን እንደሚወጣው በገዛ እጁ ያውቃል። የፍሮበል ዋና ሐሳብ ጨዋታ የሕፃን ሥራ ነው፤ ልጅ የሚያውቀውም ሆኖ የተጫወተውን ነው የሚል ነበር።

ይህ ለስላሳ ሐሳብ መንግሥትን ያስፈራል ብሎ ማን ይገምታል? የፕሩስያ መንግሥት ግን በነሐሴ 1851 የፍሮበልን ተቋማት ሃይማኖት የለሽና ሶሻሊስት ናቸው ብሎ ከለከለ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ባለሥልጣኖቹ የፍሮበልን ጽሑፍ ከወንድሙ ልጅ ከካርል ፍሮበል ጽሑፍ ጋር ማምታታታቸው ነበር። ፍሮበል በሚቀጥለው ዓመት በሰኔ 1852 እገዳው ሳይነሣ ሞተ። እገዳው የተነሣው በ1860 ነው። ነገር ግን የከለከሉት ነገር ቀድሞ ተሰድዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1856 በአሜሪካ ዊስኮንሲን አንዲት ጀርመናዊት ስደተኛ፣ ማርጋሬቴ ሹርትስ፣ በቤቷ ከፍታዋለች።

ከዚህ ዘር ካፈሩት መካከል ለዛሬ ሕፃናት እጅግ የቀረበው የኤሪክ ካርል መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው “እጅግ የራበው አባጨጓሬ” ከ60 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ካርል በልጅነቱ አባቱ ጫካ ወስዶ ድንጋይ እየገለበጠ፣ የዛፍ ቅርፊት እያነሣ ትንንሽ ፍጡራንን ያሳየው እንደነበር ተናግሯል። የመጽሐፉ መላ ገጾቹ መበሳታቸው ነው። ትሉ ፍሬ በበላ ቁጥር ወረቀቱ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ሕፃኑ ጣቱን ያስገባበታል። አንባቢው ጣቱን ባስገባ ጊዜ ትሉ ራሱ ይሆናል። ሊቃውንት በመጽሐፉ ላይ ያነሡት አንድ ነቀፌታ አለ፤ ቢራቢሮ የሚወጣው ትሉ ፈትሎ ከሠራው ቤት ሳይሆን በአመዛኙ ከጠነከረ የራሱ ቆዳ ነው፤ ፈትሎ የሚሠራው እንደ ሐር ትል ያለው የእሳት እራት ዘመድ ነው ይላሉ። ነቀፌታው ትክክል ነው። መልካሙ ነገር ግን፣ መጽሐፉን ያነበበ ልጅ እውነተኛ ትል ካሳደገ ስሕተቱን በገዛ ዓይኑ ማረም መቻሉ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጨዋታ ለምን አስፈለገ? ስዕሉን አሳይቶ “ትል ቢራቢሮ ይሆናል” ማለት አይበቃምን? አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የ3 ዓመት ልጆች እንኳ እንስሳ ከጊዜ ጋር እንደሚተልቅ እንጂ እንደማያንስ ያውቃሉ። የሚከብዳቸው መልኩ ፈጽሞ የሚለወጠው ፍጡር ያው አንዱ መሆኑ ነው። ይህም ልጁ ያው አርስቶትልና ተከታዮቹ የተቸገሩበት ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ከዚያ የሚያሻግረው ቃል ሳይሆን ጊዜ ነው። በክዳኑ ላይ ቀዳዳ ባለው ብልቃጥ ውስጥ ትሉን ከሚበላው ቅጠል ጋር አኑሮ፣ ጧት ጧት እያዩ ሁለትና ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ወይም ራሱ ልጁ መሆን ነው፤ ተኮራምቶ እንቁላል፣ በሆዱ እየተሳበ ትል፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ፑፓ፣ ነጠላውን ገልጦ ክንፍ። በነጠላው ውስጥ የነበረውና የወጣው እሱ ራሱ መሆኑን ማንም ሊያስተባብልበት አይችልም። ሳይንሱም ከልጁ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጨረሻው የትልነት ዘመናቸው አንድን ሽታ እንዲሸሹ የተማሩ ትሎች፣ የእሳት እራት ሆነው ክንፍ ካወጡ በኋላም ያንኑ ሽታ ሸሽተዋል። ሰውነታቸው ከሞላ ጎደል ፈርሶ ሲሠራ የትናንቱ ትምህርት አልጠፋም።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። ኢትዮጵያዊ ልጅ ለዚህ ትምህርት ባዕድ አይደለም። በእንቆቅልሻችን እንቁላል በር የሌለው ቤት ነው። የጥጃ እረኛ ላም ስትወልድ አይቷል፣ ንብ ሲዋለድ ሰምቷል፣ የትኛው አባጨጓሬ እንደሚያሳክክ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጁ ተምሯል። ይህ ዕውቀት ግን ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ይቀራል። “መዋዕለ ሕፃናት” የሚለው ስማችን ሕፃናት የሚውሉበትን ያመለክታል፤ በፍሮበል ስም ውስጥ የነበረው የአትክልት ቦታ ወደ እኛ ሲመጣ ከስሙ ወጣ፤ ከግቢውም ብዙ ጊዜ ወጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት እንዲያተኩርበት ጠይቋል፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍም ሌላ እርምጃ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ “ኦ ክፍል” ተከፍቷል። በወረቀት ላይ ጨዋታ ቦታውን አግኝቷል ማለት ነው።

በተግባር ያየሁት ግን ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ካየኋቸው መዋዕለ ሕፃናት በአንዱ ግድግዳ ላይ የቢራቢሮ ዑደት በውጭ ቋንቋ ተሥሎ ተለጥፎ ነበር። ሕፃናቱ አራቱን ደረጃዎች በውጭ ቋንቋ ባንድ ድምፅ ይወጧቸዋል። መምህርቷ ትጉህ ናት፤ 50 ልጅ ይዛ ምን ታድርግ? ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ካለው ቁጥቋጦ ግን ነጭ ቢራቢሮዎች እየገቡ ይወጡ ነበር። አንድ ልጅ በጣቱ ወደ ውጭ አመለከተ። “ወደ ፊት እይ!” ተባለ። ቢራቢሮ እያለፈች የቢራቢሮን ሥዕል እንዲያይ ማለት ነው።

“ምን አለበት? ትል ባያይ ምን ይጎድልበታል?” የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በትንቢተ ኢዮኤል ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ የተባሉ አራት አጥፊዎች ተራ በተራ ይዘረዘራሉ። እነዚህ የአንዱ የአንበጣ ልዩ ልዩ የዕድገት ደረጃዎች ናቸው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እውነትም ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአንበጣ መንጋ አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ የግብርና ባለሙያዎች ኩብኩባ ይሉት የነበረው ክንፍ ያላወጣውን ግልገል ነው። አንበጣ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው ኩብኩባ ቆዳውን እየቀየረ ለሳምንታት በእግሩ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚበርረው። መከላከያው የሚቀለው ሳይበርር ነው። ይህን የሚያውቅ ልጅ በማሳ ዳር የሚዘልሉትን ትንንሽ ነገሮች አይቶ ለአባቱ ይናገራል፤ የማያውቅ ደግሞ ሰማዩ ሲጠቁር ያለቅሳል። ትንኝም እንዲሁ ናት። በተጣለ ጣሳ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ የሚወራጩት እጮች በሳምንት በሁለት ሳምንት ክንፍ የሚያወጡት የማታዎቹ ነካሾች ናቸው። እጮቹን በብርጭቆ ያሳደገ ልጅ ጣሳ እንዲደፋ መካሪ አያሻውም።

ሌላም ነገር አለ። ዑደቱ የሚዞረው በሞት በኩል ነው። የሐር እራት ክንፍ አውጥታ፣ ጥላ፣ በጥቂት ቀን ትሞታለች። ልጆቻችንን ከሞት ወሬ እንሸሽጋቸዋለን፤ ለቅሶ ቤት ሲኬድ ጎረቤት እንተዋቸዋለን። ትል ያሳደገ ልጅ ግን የሞተችውን አይቶ ያዝናል፤ ከአጠገቧ የተደረደሩትን እንቁላሎች ደግሞ ይቆጥራል። ሐዘኑንና ቆጠራውን ባንድ ጊዜ የሚያስተምር መጽሐፍ አላየሁም።

“ከመጠምጠም መማር ይቅደም” ብለዋል አባቶቻችን። እኔ ደግሞ ከመማርም በፊት ማየት ይቅደም እላለሁ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ብልቃጥ፣ ጥቂት ቅጠልና ሦስት ሳምንት ትዕግሥት ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጓሮውም መንገዱም በትል ይሞላል። ልጅዎ ተደፍቶ ሲያይ ቢያገኙት “ገብተህ አጥና” አይበሉት። እያጠና ነው።